ባዮሎጂክ መድኃኒት ከመጀመርዎ በፊት፦ ያንቀላፋውን ቫይረስ መፈተሽ

ለመገጣጠሚያ ብግነት፣ ለሶሪያሲስ፣ ለአንጀት ብግነት ወይም ለሊምፎማ (የሊምፍ ሕዋሳት ካንሰር) ባዮሎጂክ መድኃኒት (ከሕያው ሕዋሳት የሚሠራ መድኃኒት) ሊጀመርልዎ ከሆነ ዋናው ሥራ ያለው ከመጀመሪያው መርፌ በፊት ነው። መድኃኒቱ የሰውነትን መከላከያ ከፊሉን ስለሚያዳክም ለዓመታት አንቀላፍቶ የኖረ ቫይረስ ሊነቃ ይችላል። ቀድሞ የሚጠረጠረው ጉበትን የሚያጠቃው ሄፓታይተስ ቢ ነው።

ለዚህ ሦስት የደም ምርመራ ይሠራል፦ ኤችቢኤስ አንቲጂን (ቫይረሱ አሁን በሰውነት እንዳለ የሚያሳይ)፣ ፀረ ኮር አንቲቦዲ (ቫይረሱ አንድ ጊዜ እንደያዘ የሚያሳይ) እና ፀረ ኤችቢኤስ አንቲቦዲ (በክትባት ወይም በማገገም የተገኘ መከላከያን የሚያሳይ)። የተለመደው ስሕተት የመጀመሪያውን ብቻ አይቶ «ነጻ ነዎት» ብሎ ማሰናበት ነው። ከበሽታው ያገገመ ሰው አንቲጂኑ ከደሙ ቢጠፋም የቫይረሱ ዘረ መል በጉበት ሕዋሳት ውስጥ ይቀራል፤ ይህን የሚያሳብቀው ፀረ ኮሩ ነው። ኢሚውኖግሎቡሊን በደም ሥር የሚሰጥዎ ከሆነ ደሙ ከዚያ በፊት ይቀዳ፤ ከለጋሾች የመጣ አንቲቦዲ ውጤቱን በሐሰት ፖዘቲቭ ሊያደርገው ይችላል። የሄፓታይተስ ሲ እና የኤችአይቪ ምርመራም በዚያው ደም ይሠራል።

አንቲጂኑ ፖዘቲቭ ከሆነ የቫይረሱ መጠን ይለካና ኢንቴካቪር ወይም ቴኖፎቪር የተባለ ፀረ ቫይረስ መድኃኒት ከባዮሎጂኩ በፊት፣ ቢዘገይ አብሮ ይጀመራል። ላሚቩዲን የተባለው የቆየ ፀረ ቫይረስ አይመረጥም፤ ቫይረሱ ቶሎ ይላመደዋል። ኢንቴካቪር በባዶ ሆድ ነው፦ ከምግብ 2 ሰዓት በኋላ፣ ከሚቀጥለው ምግብም 2 ሰዓት በፊት። ኩላሊት ከደከመ መጠኑ ይስተካከላል።

ፀረ ኮሩ ብቻ ፖዘቲቭ ሲሆን ውሳኔው እንደ ባዮሎጂኩ ዓይነት ይለያያል። ለሪቱክሲማብ ቫይረሱ በደም ውስጥ ባይታይም መከላከያው (ኢንቴካቪር ወይም ቴኖፎቪር) ይሰጣል። ለኢንፍሊክሲማብ ወይም ለአዳሊሙማብ ግን ብዙውን ጊዜ በየ1 እስከ 3 ወሩ የጉበት ኢንዛይምንና የቫይረሱን መጠን መከታተል ይበቃል። ትልቁ ጥፋት የሚፈጸመው መጨረሻ ላይ ነው፦ ሪቱክሲማብ ሲያበቃ መከላከያውንም አብሮ ማቆም። ቢያንስ ለ12፣ በአብዛኛው ለ18 ወር መቀጠል አለበት፤ ከቆመም በኋላ ክትትሉ አንድ ዓመት ይቆያል።

ሦስቱም ኔጋቲቭ ከሆኑ የሄፓታይተስ ቢ ክትባት ይጀመር። የኩፍኝ፣ የጉድፍና የቢጫ ወባ ክትባቶች ሕያው ቫይረስ ስላላቸው ቢያንስ ከ4 ሳምንት በፊት መሰጠት አለባቸው፤ ሕክምናው ከተጀመረ በኋላ አይሰጡም። ሕያው ያልሆኑት በኋላም ይቻላሉ፤ ሪቱክሲማብ ከተወሰደ በኋላ ግን ለወራት ሰውነት ለክትባት የሚሰጠው ምላሽ ደካማ ነው። የጉንፋኑ ክትባት በየዓመቱ በመርፌ ይሁን፤ በአፍንጫ የሚረጨው ሕያው ነው።

ሌላው ሊነቃ የሚችለው ያንቀላፋ ቫይረስ አልማዝ ባለጭራን የሚያመጣው ነው። አልማዝ ባለጭራ በአንድ ጎን በሚያቃጥል ሕመም ይጀምርና ሽፍታው ከቀናት በኋላ ይከተላል። ሽፍታው በወጣ በ72 ሰዓት ውስጥ አሲክሎቪር 800 ሚሊግራም በቀን 5 ጊዜ ለ7 ቀን ይወሰዳል። ዓይን አካባቢ ከወጣ በዚያው ቀን ሐኪም ይየው። ቀጣዩ የባዮሎጂክ መጠን ቁስሉ እስኪደርቅ ይቆያል።

ቶሲሊዙማብ የተባለውን ባዮሎጂክ የሚወስዱ ሰዎች ኢንፌክሽንን ለመጠርጠር ትኩሳትን አይጠብቁ። መድኃኒቱ ትኩሳትንም የሲአርፒ (ብግነትን የሚያሳይ የደም ምርመራ) ውጤትንም ስለሚያፍን ከባድ ኢንፌክሽን «መደበኛ» በሚል የላቦራቶሪ ወረቀት ተሸፍኖ ሊያልፍ ይችላል፤ ድካምና የትንፋሽ ማጠር ብቻውን ለመመርመር በቂ ምክንያት ነው። ናታሊዙማብ የተባለው ባዮሎጂክ ላይ ያሉ ደግሞ የጄሲ ቫይረስ (ሲነቃ አንጎልን የሚያጠቃ ቫይረስ) አንቲቦዲያቸውን በየ6 ወሩ ያስፈትሹ። አንቲቦዲው ፖዘቲቭ የሆነና ሕክምናው 2 ዓመት ያለፈው ሰው ንግግሩ ከተጎተተ፣ አንድ እጁ ከደከመ ወይም እይታው ከጠበበ ቀጣዩ መርፌ ቆሞ የአንጎል ኤምአርአይ ይነሣል።