ታንከሩ ባዶ፣ ሞዴሉ ግን ውሃ ያድላል

ምልክቱ፦ የጎንደርን አንድ ሰፈር የውሃ መስመር ኢፓኔት ላይ (የቧንቧ መስመርን ግፊትና ፍሰት የሚያሰላ ሶፍትዌር) ሠርታችሁ ለ24 ሰዓት ራን አድርጋችኋል። ረፋድ ላይ ዳገት ላይ ያሉት ኖዶች (ቧንቧ የሚገናኝባቸውና ውሃ የሚወሰድባቸው ነጥቦች) ግፊት ከዜሮ በታች ይወርዳል፤ አንዳንዱማ በሺዎች። ፍላጎቱ ግን በሁሉም ኖድ ሙሉ ነው።

አደራ፣ ቧንቧውን አትንኩ! አንድ ተማሪ 150 ሚሊሜትሩን 200፣ ከዚያ 250 አድርጎ ሦስት ቀን ለፍቶ መጣ። የታንከሩን ግራፍ አስከፈትኩት። መስመሩ ወርዶ ወርዶ ዝቅተኛው ከፍታ ላይ ተጋድሟል። ውሃው አልቋል፤ ቧንቧ ማስፋት ምን ይፈይዳል? እንዲህ ያለ ሞዴል በየሴሚስተሩ ይመጣልኛል።

መጀመሪያ በእጅ አስሉ። 200 ሜትር ኩብ ታንከር፣ በሰከንድ 15 ሊትር ይገባል፣ 27 ይወጣል። ጉድለቱ በሰዓት 43 ሜትር ኩብ ነው። ጠዋት 12 ሰዓት ሙሉ የነበረው 5 ሰዓት ሳይሞላ ያልቃል።

ምክንያቱ፦ ታንከሩ ሲያልቅ ኢፓኔት መውጫውን ይዘጋል። ነባሩን ቅንብር ካልነካችሁት ግን ፍላጎትን የሚቆጥረው የግድ እንደሚወሰድ ውሃ ነው። ሒሳቡን ለማስታረቅ ግፊቱን ከዜሮ በታች ይጥላል። አዘዞ ላይ እናት ጀሪካን ደርድራ ስትጠብቅ፣ ሞዴሉ ሞልቶላታል።

መፍትሄው፦ በ2020 በወጣው ስሪት 2.2 የዲማንድ ሞዴሉን ወደ ፒዲኤ (ኖዱ የሚያገኘውን ውሃ በግፊቱ ልክ የሚያሰላው) ቀይሩ። ዝቅተኛ ግፊት 0፣ ተፈላጊ ግፊት (ፍላጎቱ ሙሉ የሚሆንበት) 15 ሜትር፣ ኤክስፖነንት 0.5። አሁን 7.5 ሜትር ግፊት ያለው ኖድ ከፍላጎቱ 71 በመቶውን ብቻ ያገኛል። ማን፣ ስንት ሰዓት ላይ እንደሚደርቅ ይታያችኋል። ተፈላጊውን ግፊት 0.1 ላይ እንዳትተዉት! እንዲያ ከሆነ ፒዲኤ መክፈታችሁ ከንቱ ነው። የቀን ገቢው ከቀን ፍላጎቱ ካነሰ ደግሞ ታንከር ማሳደግ አያድንም፤ ምንጭ ያስፈልጋል።

ግፊቱ ሁሌ ጥሩ፣ ታንከሩም የማያልቅ ከሆነስ? ሳይቱ ላይ የኮንክሪቱን ታንከር «ሪዘርቯየር» እንለዋለን። ኢፓኔት ላይ ሪዘርቯየር ማለት የማያልቅ ውሃ ነው። የአንገረብን ግድብ እንኳ ደለል እየበላው፣ የማያልቅ ታንከር ከየት ይመጣል?

ፍላጎቱ ጣሪያ የሚነካበት ጊዜ በስድስት ሰዓት ልዩነት ተዛንፏል? የሶፍትዌሩ 6 ሰዓት የኛ ጠዋት 12 ነው።

አንድ ነገር ፒዲኤም አያውቅም። ውሃ በፈረቃ ሲመለስ ሰው ሮቶውንም ጀሪካኑንም አንድ ላይ ይሞላል። የቀረው ፍላጎት አልጠፋም፤ ተጠራቅሞ ይመጣል። ውሃ የሚመለስበትን ሰዓት የፍላጎት ማባዣ ከፍ አድርጋችሁ እንደገና ራን አድርጉ።