ስኳርና ቦርጭ ያጠፋል የተባለ የዕፅዋት እንክብል ከመዋጣችሁ በፊት እንዴት እንደምትፈትሹት

አንድ ብልቃጥ ላይ "ስኳር ያወርዳል፣ ቦርጭ ያቀልጣል፣ ኮሌስትሮል ያጸዳል" ተብሎ ሦስቱም አንድ ላይ ሲጻፍ እኔ ወዲያው እጠራጠራለሁ። ተክል አይሰራም እያልኩ አይደለም። የስኳር መድኃኒቱ ሜትፎርሚን ራሱ ዘሩ ቢቆጠር ጋሌጋ ከሚባል ተክል ይመዘዛል። ግን ተክሉ ውስጥ ያለው ጋሌጂን መርዛማ ስለነበር ሰው የሚውጠው እሱን ሳይሆን ኬሚስቶች የሰሩትን ዘመዱን ነው።

1. መጀመሪያ የውህዱን ስምና መጠን ፈልጉ። "የተፈጥሮ ዕፅዋት ቅልቅል" ስም አይደለም። በርበሪን (ከአንዳንድ ተክሎች ሥርና ቅርፊት የሚወጣ ውህድ ነው) 500 ሚሊግራም የሚል ከሆነ ቢያንስ የምትጠይቁት ነገር አለ፤ የተክሉ ስም ብቻ ከሆነ ግን መልሱት።

2. ጥናቱ በማን ላይ እንደተሰራ እዩ። አብዛኛው ወሬ የሚበላሸው እዚህ ጋ ነው። ሳህን ላይ ያለ ሴል በውህዱ ተነክሮ ይውላል፣ እኛ የዋጥነው ግን አንጀትና ጉበት ተቀባብለው ሰባብረውት ደም ውስጥ የሚደርሰው እንጥፍጣፊ ነው። የእርድ ኩርኩሚንና በርበሪን ሁለቱም በዚህ ይታወቃሉ። ትንሿ የላብራቶሪ አይጥ (mouse) ላይ የተሰራ ከሆነ ደግሞ ሒሳብ አለው፤ ለአይጥ በኪሎ የተሰጠውን መጠን በ12 ገደማ አካፍሉና በራሳችሁ ክብደት አባዙት። 100 ሚሊግራም በኪሎ የተሰጣት አይጥ 70 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ስትሰላ ወደ 580 ሚሊግራም ትመጣለች። ይህም ግምት ነው፣ ይሰራል ማለት አይደለም። ቀይ ወይን ውስጥ የሚገኘው ሬስቬራትሮል የወፈሩ አይጦችን ዕድሜ ሲያረዝም ስንት ተወራለት፣ ሰው ላይ ሲሞከር ግን ክብደት መቀነሱ ላይ ብዙም አልሆነለትም።

3. የት እንደሚሰራ ጠይቁ። እኔ በጣም የማምነው ደም ውስጥ መግባት የማያስፈልጋቸውን ነው። አጃና ገብስ ውስጥ ያለው ቤታ ግሉካን አንጀት ውስጥ እንደ ሙጫ ይሆንና የሐሞት አሲድን ይዞት ይወጣል፤ ጉበት ሌላ ሐሞት ለመስራት ኮሌስትሮልን ከደም ይስባል፣ ኤልዲኤልም (መጥፎ የሚባለው ኮሌስትሮል) ይወርዳል። ሙጫው የስኳሩንም ወደ ደም መግባት ያዘገየዋል። የሚፈለገው በቀን 3 ግራም ነው፣ ደረቅ አጃ ከሆነ 75 ግራም አካባቢ። የዕፅዋት ስቴሮል (ተክል ውስጥ ያለ ኮሌስትሮል መሰል ነገር) ደግሞ በቀን 2 ግራም ሲወሰድ ኤልዲኤልን እስከ 10 በመቶ ገደማ ይቀንሳል፣ ከኮሌስትሮል ጋር ወደ ደም ለመግባት ስለሚሻማ። እንክብሉን የሚሸጡት ይህን ብዙም አያወሩትም፣ አጃ ማንን ያስደምማል! ቦርጭን በተመለከተ ግን ልቤ ውስጥ ያለውን ልናገር፦ እስካሁን ያየሁት ውጤት ሁሉ ትንሽ ነው።

4. ሌላ መድኃኒት የምትወስዱ ከሆነ ሐኪም ወይም ፋርማሲስት ሳትጠይቁ አትጀምሩ። በርበሪን ከስኳር መድኃኒት ጋር ሲደረብ ስኳሩ ከመጠን በላይ ሊወርድ ይችላል፣ ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት ደግሞ ጨርሶ አትንካው። አረንጓዴ ሻይ መጠጣቱ አይከፋም፤ ተጨምቆ በእንክብል የሚሸጠው ግን ጉበታቸውን የጎዳባቸው ሰዎች አሉ። ዓይን ቢጫ ከሆነ ወይም ሽንት ከጠቆረ ወዲያው አቁሙና ሐኪም ጋ ሂዱ። የታዘዘላችሁን መድኃኒት በእንክብል መተካት የሚባለውን ነገር ከነጭራሹ እርሱት።

5. ለኩ። ከመጀመራችሁ በፊት የሦስት ወር አማካይ ስኳር የሚያሳየውን የደም ምርመራና ኤልዲኤላችሁን ተመርመሩ፣ ከ12 ሳምንት በኋላ ድገሙት። አንድ ጠዋት ጣት ተወግቶ የታየ ቁጥር በእንቅልፍም በራትም ይለዋወጣል። በእነዚህ ሳምንታት ሌላ አዲስ ነገር አትጨምሩ፤ እንክብሉንም የእግር ጉዞውንም አንድ ሰኞ ጀምራችሁ ስኳሩ ቢወርድ ምስጋናውን ለማን ልትሰጡ ነው? ቁጥሩ ካልተነቃነቀ ሁለተኛ ብልቃጥ አትግዙ።