ከሰል ያለ ብዙ ማራገብ እንዴት ይያያዛል

ኬሚስትሪ አስተምራለሁ። ቡናም አፈላለሁ። ሁለቱ አንድ ሰው ላይ ሲገናኙ፣ ሌላው ከሰል ሲያያይዝ ዝም ብሎ ማየት ይከብዳል። ጎረቤቶቼ «ቲቸር መጣች» ብለው ፌስታሉን ይደብቃሉ። ይደብቁ እንጂ! እሱን መጨረሻ ላይ ሳይሆን አሁኑኑ ልጨርሰው። ፌስታል ቶሎ ይነዳል፣ እውነት ነው። ግን ጭሱ መርዝ ነው፤ የቀለጠው ላስቲክም ከሰሉ ላይ ተጣብቆ ቡናው እስኪፈላ ይሸታል። ከሰሉን ለማስነሳት ወረቀትና ደረቅ ጭራሮ ይበቃል። የተረፈ የሻማ ቁራጭ ካላችሁ ደግሞ እሰየው።

መጀመሪያ ከሰሉን እዩት። ከሰል ማለት በቂ አየር ሳያገኝ የተቃጠለ እንጨት ነው። የሚጨሰው ነገር ወጥቶ ያልቅና በአብዛኛው ካርቦን የሆነው ይቀራል። በደንብ የከሰለ ከሰል የማያጨሰው ለዚህ ነው። ሁለት ቁራጭ አጋጩ፤ ጥሩው ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል። ከተያያዘ በኋላም የሚያጨስ ቁራጭ ካለ ገና እንጨትነቱ አልወጣለትም። በመቆንጠጫ አውጡት። ሻጯ «የግራር ነው» ብላ ብትምልም አውጡት።

ክረምት ላይ ሌላ ችግር አለ። ከሰል እርጥበት ይጠጣል። የፈላን ውሃ ወደ እንፋሎት ለመለወጥ የሚሄደው ሙቀት፣ ያንኑ ውሃ ከዜሮ እስከ 100 ዲግሪ ለማሞቅ ከሚፈጀው ከአምስት እጥፍ ይበልጣል። ስለዚህ እርጥብ ከሰል ስታያይዙ መጀመሪያ የምታደርጉት ውሃ ማትነን ነው። ጆንያውን ከሲሚንቶው ወለል ላይ አንሱት፤ ጣውላ ላይ አስቀምጡት።

አሁን ወደ ምድጃው። ያደረውን አመድ ከነድቃቂው አራግፉ፤ የታችኛው በር ክፍት ይሁን። እንቁላል የሚያካክሉ ቁራጮችን በመሀላቸው ክፍተት እየተዋችሁ ደርድሩ። ድቃቂ ከሰል ከላይ መበተን የብዙ ሰው ልማድ ነው፤ የአየሩን መንገድ ይዘጋል። ወረቀቱና ጭራሮው ከታች፣ ከሰሉ ከላይ። እሳት ሙቀቱን ወደ ላይ ነው የሚሰደው፤ ከላይ ተለኩሶ ወደታች እንዲወርድ መጠበቅ ሰዓት ማባከን ነው።

ከዚያ ማራገቢያውን ከመያዛችሁ በፊት ይህን ሞክሩ። ትልቅ የዱቄት ወተት ቆርቆሮ ፈልጉ። ክዳኑንና ቂጡን ቆርጣችሁ አውጡና ቱቦ አድርጉት። ጠርዙ እጅ ይቆርጣል፤ በፒንሳ እጠፉት። የተለኮሰው ከሰል ላይ አቁሙት። የጋለ አየር ቀላል ስለሆነ በቱቦው ውስጥ ወደ ላይ ይሮጣል፤ በቦታው ከታች ቀዝቃዛ አየር ይሳባል። ምድጃው ራሱን በራሱ ያራግባል። እናንተ ቡናውን እጠቡ። ቆርቆሮውን ስታነሱ በመቆንጠጫ ይሁን።

ማራገብም ቢሆን ትርጉም አለው። ሻማ ሲነፉበት ይጠፋል፤ ፍም ሲነፉበት ይደምቃል። ሻማ ላይ የሚነደው ተንኖ የወጣው ሰም ነው፤ ትንፋሻችን ነበልባሉን ከክሩ ላይ ገፍቶ ይወስደዋል። ፍም ግን የሚነደው በራሱ ገላ ላይ ነው፤ የትም አይሄድም። አየር ሲጨመርለት ይብስበታል። አዲስ አበባ ከባህር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። እዚህ በአንድ እፍኝ አየር ውስጥ ያለው ኦክስጅን ጅቡቲ ወደብ ላይ ካለው በሩብ ገደማ ያንሳል። ከሰላችሁ ቢለግም አትፍረዱበት። ውሃውም እዚህ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው።

ነጭ ጋዝ ማርከፍከፍስ? ፍም ከሆነ በኋላ በፍጹም። የጋለ ከሰል ላይ ሲፈስ ወዲያው ይተንና ቦግ ብሎ ፊት ላይ ይመጣል። ቤንዚን ደግሞ ከነጭራሹ አይታሰብ፤ ከዜሮ በታች በሆነ ብርድ እንኳ የሚቀጣጠል ተን ያወጣል።

ከሰሉ ተያያዘ እንበል። ጎንበስ ብላችሁ አናቱን ተመልከቱ። በተለይ መሸት ሲል ሰማያዊ ነበልባል ፍሙ ላይ ስትደንስ ታያላችሁ። እኔ ልጆቹን ኬሚስትሪ የማስወድደው በእሷ ነው። ከታች የገባው አየር ከካርቦኑ ጋር ተዋህዶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሆናል። ያ ጋዝ በጋለው ከሰል መሀል ሲያልፍ ወደ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይለወጣል። አናት ላይ ደርሶ አየር ሲያገኝ እሱም በተራው ይነዳል። ሰማያዊዋ ነበልባል እሱ ናት። በሌላ አነጋገር መርዙ ሲቃጠል እያያችሁ ነው።

ነበልባሏ ጠፋች ማለት ግን መርዙ ቆመ ማለት አይደለም። ሳይቃጠል እየወጣ ሊሆን ይችላል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይታለላል። «አያጨስም፣ አመድ ለብሷል» ይልና ምድጃውን መኝታ ቤት ያስገባል። ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለም የለውም፣ ሽታ የለውም። ደማችን ውስጥ ያለውን ሄሞግሎቢን ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በላይ አጥብቆ ይይዛል። ራስ ያማል፣ ያዞራል፣ ያቅለሸልሻል፣ ጉልበት ይከዳል። ሰውየው «ምች መታኝ» ብሎ እዚያው ይተኛል፤ ላይነሳ ይችላል። ቤት ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ በአንድ ጊዜ ራሱን ካመመው ምች አይደለም። ሁሉንም ወደ ውጭ አውጡ፤ ከዚያ 907 ብላችሁ አምቡላንስ ጥሩ። ከሰል በረንዳ ላይ ይያያዝ። ቡናው ቤት ውስጥ ከሆነ በርና መስኮት ወለል ብለው ይከፈቱ፤ ሲያልቅ ምድጃው ይውጣ። ምድጃ ያለበት ክፍል ውስጥ አይተኛም። በዚህ አልደራደርም።

ለመቁላት ደማቁን ፍም አትቸኩሉበት። ቡናው ላዩ አሮ ውስጡ ጥሬ ይቀራል። ስስ አመድ እስኪለብስ ጠብቁ፤ አመዱ ሙቀቱን ያለዝበዋል። ለዕጣንም ያው ነው። ደማቅ ፍም ላይ ዕጣኑ ቦግ ብሎ ይነድና ሽታው ያራል።

ስትጨርሱ ውሃ አትድፉበት። እንፋሎቱ ያቃጥላል፤ ላቀች ምድጃ ከሆነም የውስጡ ሸክላ ይሰነጠቃል። የተረፈውን ፍም እዚያው ደጅ ክዳን ባለው የብረት ዕቃ ውስጥ ጨምራችሁ ግጥም አድርጋችሁ ክደኑት። አየር ሲያጣ ይጠፋል። ነገ ስታወጡት አመዱን እፍ በሉለትና ከአዲሱ ጋር ቀላቅሉት።