ግቢ ውስጥ የአንድ ቀን ስልጠና እንዴት ይዘጋጃል? ከደብዳቤው እስከ ሰርተፍኬቱ

ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የሚሰጡ ብዙ ስልጠናዎች መልካቸው አንድ ነው። ባነር ይሰቀላል። ሦስት ሰው የመክፈቻ ንግግር ያደርጋል። አሰልጣኙ 90 ስላይድ ያነባል። ሻይ ይጠጣል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ሰርተፍኬት ይታደላል። በማግስቱ ተሳታፊውን "ምን ተማርክ?" ብትሉት ባነሩ ላይ የተጻፈውን ይነግራችኋል።

ጥሩ ስልጠና ለማዘጋጀት የግድ ብዙ ብር አያስፈልግም። የሚያስፈልገው ተሳታፊው በእጁ እንዲሠራ ማድረግ ነው። ምሳሌ እንዲሆነን አንዱን ልያዝ፦ መመረቂያ ጽሑፍ ለሚጽፉ የማስተርስ ተማሪዎች የሚሰጥ የዞቴሮ ስልጠና። ዞቴሮ ምንጮችን የሚይዝና የማጣቀሻ ዝርዝር የሚያወጣ ነፃ ሶፍትዌር ነው። ሌላ ስልጠና ብታዘጋጁም መንገዱ ያው ነው።

መጀመሪያ አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ

አዳራሽ ከመፈለጋችሁ በፊት ተሳታፊው ሲወጣ ምን መሥራት እንደሚችል ጻፉ። "ስለ ዞቴሮ ግንዛቤ ማስጨበጥ" አይሆንም። ግንዛቤ መጨበጡን ማን ለክቶ ያውቃል? እንዲህ ይሁን፦ "ተሳታፊው 10:30 ላይ ሲወጣ አሥር ምንጭ ላፕቶፑ ላይ አስገብቷል፣ ከወርድ ፋይሉ ጋር አገናኝቷል፣ የማጣቀሻ ዝርዝሩን አውጥቷል።" ለዚህ የማይጠቅም ስላይድ ሁሉ ይውጣ። የሶፍትዌሩን ታሪክ ጨምሮ።

ቀኑን በጥንቃቄ ምረጡ

የትምህርት ካሌንደሩን ከሬጅስትራር ውሰዱ። የፈተና ሳምንትንና የምዝገባ ቀናትን ዝለሉ። ሰኔንም ብትተዉት ይሻላል። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ስለሚዘጋ ፋይናንስ ያኔ ሒሳብ መዝጊያ ላይ ነው፤ የእናንተን ወረቀት የሚያይ ሰው አታገኙም። ዓርብ ከመረጣችሁ ለጁምዓ ሶላት የሚበቃ የምሳ ሰዓት ስጡ። ረቡዕና ዓርብ የጾም ምግብ ይኑር። በረመዳን ደግሞ ግማሽ ቀን አድርጉት፤ የሚጾም ሰው ከሰዓት በኋላ ስክሪን ላይ ማፍጠጥ ይከብደዋል።

የውጭ እንግዳ ካለ ሰዓቱን በሁለቱም አቆጣጠር ጻፉለት። "2:30" ብላችሁ ብቻ ከላካችሁ ከምሳ በኋላ ሊመጣ ይችላል።

ደብዳቤና ብር

በትምህርት ክፍሉ ኃላፊ በኩል ለዲኑ ደብዳቤ ይጻፋል። ደብዳቤው ከአንድ ገጽ አይብለጥ፤ ዓላማው፣ ቀኑ፣ የተሳታፊው ብዛትና የሚያስፈልገው ነገር ይግባ። ግዥ ካለ ፕሮፎርማ ማሰባሰብ ጊዜ ይበላል፤ ከወር በፊት ጀምሩ። ለሻይና ለውሃ ብቻ ከሆነ ግን የግቢውን ካፌ በደብዳቤ ማዘዝ ይቀላል።

"አበል አለው?" የሚል ጥያቄ ይመጣል። መምጣቱ አይቀርም። እዚያው ግቢ ውስጥ ለሚሰጥ የአንድ ቀን ስልጠና አበል ባትጀምሩ እመክራለሁ። አንዴ ከከፈላችሁ ቀጣዩ ያለ አበል አይሞላም።

ክፍሉን ሄዳችሁ እዩት

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ዋጋ ከፍዬበታለሁና።

አንድ ጊዜ የኮምፒውተር ላብ ተፈቀደልን። ከስልጠናው በፊት በነበረው ምሽት ሁለት ሆነን 30 ኮምፒውተር ላይ ዞቴሮን ጫንን። ደክሞን፣ ግን ደስ ብሎን ወጣን። ጠዋት ስንከፍተው አንዱም ላይ የለም። የላቡ ቴክኒሻን ሳቀብን፦ "ዲፕ ፍሪዝ አለው'ኮ!" ለካ ኮምፒውተሮቹ ጠፍተው በበሩ ቁጥር ወደነበሩበት የሚመልስ ሶፍትዌር ተጭኖባቸዋል። ላብ ከቫይረስ ለመጠበቅ የታወቀ ዘዴ ነው። ጥፋቱ የኛ ነው፤ አልጠየቅንም። የመጀመሪያው ሰዓት ተኩል እንደገና በመጫን አለቀ።

ስለዚህ ቴክኒሻኑን ቀድማችሁ አግኙት፤ ለዚህ ቀን ከዲኑ በላይ የሚያስፈልጋችሁ ሰው እሱ ነው። ስልጠናው በሚሰጥበት ሰዓት ክፍሉ ውስጥ ግቡና ፀሐይ ስክሪኑ ላይ ታርፍ እንደሆነ፣ ፕሮጀክተሩ ከእናንተ ላፕቶፕ ጋር ይግባባ እንደሆነ፣ የሚሠሩት ሶኬቶች ስንት እንደሆኑ እዩ። ኤክስቴንሽን ከቤትም ቢሆን ይዛችሁ ኑ።

ኢንተርኔትን አትመኑት። የዞቴሮን መጫኛና የመለማመጃ ፒዲኤፎቹን በአምስት ፍላሽ ገልብጡ። ዞቴሮ አንዴ ከተጫነ ያለ ኢንተርኔትም ይሠራል። መብራት ከሄደ ደግሞ በወረቀት የሚሠራ መልመጃ ይኑራችሁ፦ ስህተት ያለበት የማጣቀሻ ዝርዝር አትሙና እስክሪብቶ ይዘው ያርሙት።

ጥሪው

ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለጥፉ፣ በትምህርት ክፍሎቹ የቴሌግራም ግሩፖች ላኩ። መመዝገቢያ ፎርሙ ላይ አንድ ጥያቄ ጨምሩ፦ "አሁን የምትጽፈው ጽሑፍ ስንተኛ ምዕራፍ ላይ ነው?" መልሱ ማን በእርግጥ እንደሚያስፈልገው ያሳያችኋል። ስም ሰርተፍኬት ላይ እንዲወጣ በሚፈልጉት አጻጻፍ ራሳቸው ይጻፉ። ከሌላ ግቢ የሚመጣ ካለ የስም ዝርዝሩን ለበር ጥበቃ ቀድማችሁ ስጡ።

የዕለቱ አካሄድ

የመክፈቻ ንግግር አንድ ይሁን፤ አምስት ደቂቃ። ኃላፊውን ቀድማችሁ ብትነግሩት አይከፋም፤ እሱም ስብሰባ አለበት። ከዚያ የአሥር ደቂቃ ማሳያ፣ የሃያ ደቂቃ ሥራ፣ እንደገና ማሳያ፣ እንደገና ሥራ። ለአሥር ሰው ያህል አንድ ረዳት መድቡ። ያለፈው ዓመት ሰልጣኞች ለዚህ ይሆናሉ። ረዳቱ ማውሱን ከተሳታፊው እጅ አይቀማ፤ በጣቱ እያሳየ ይንገረው። ይህቺ ቀላል ትመስላለች፤ ግን ራሱ ያልነካውን ነገር ሰው ማታ ቤቱ ሲገባ ይረሳዋል።

ለዞቴሮ ስልጠና አንድ ሰዓት ሙሉ የሚገባው ጉዳይ የኛ ስም ነው። እንበል መጽሐፉን የጻፈው ከበደ አለሙ ነው። ሶፍትዌሩ የቤተሰብ ስም ስለሚፈልግ "አለሙ"ን ያስቀድመዋል። ጽሑፉ ውስጥ "አለሙ እንደሚለው" ይላል። አባትየው መጽሐፍ ጻፉ ማለት ነው! መፍትሔው ቀላል ነው። ዞቴሮ ውስጥ ከደራሲው ስም በስተቀኝ ሁለቱን የስም ሳጥኖች ወደ አንድ የምትቀይር ትንሽ ቁልፍ አለች። እሷን ተጭኖ "ከበደ አለሙ" ብሎ በአንድ ሳጥን መጻፍ ነው። ክፍሉ ውስጥ ይህን ስታሳዩ "አሃ!" የሚል ድምፅ ትሰማላችሁ። አንዳንድ መጽሔቶች ግን የአባት ስም እንዲቀድም ይፈልጋሉ፤ ተማሪዎቹ አማካሪያቸውን ይጠይቁ።

ዓመተ ምሕረትም አለ። በ2010 ዓ.ም. የታተመ የአማርኛ መጽሐፍ በፈረንጆቹ 2017 ወይም 2018 ነው። በእንግሊዝኛ ጽሑፍ ውስጥ "2010" ብቻ ከተባለ አንባቢው የሰባት ስምንት ዓመት ስህተት ይሠራል። የትኛውን አቆጣጠር እንደሚጠቀሙ ከትምህርት ክፍሉ ይወቁና እስከ መጨረሻው በዚያው ይጽኑ።

ስለ ሻይ ብዙ አልልም። ቡና፣ ሻይ፣ ሳምቡሳ፣ ሃይላንድ ውሃ ይበቃል። ግን ሻዩ ከክፍሉ አጠገብ ይቀርብ። ራቅ ካለ የአሥራ አምስት ደቂቃው ዕረፍት ሃምሳ ደቂቃ ይሆናል።

ከወጡ በኋላ

ሰርተፍኬቱን የመጨረሻውን መልመጃ ላሳየ ሰው ስጡ። ጠዋት ፈርሞ ለጠፋ አትስጡ፤ ይከፋው። አስተያየት የምትጠይቁ ከሆነ ሁለት ጥያቄ ይበቃል፦ የቱ ቦታ ጠፋብህ? የቱ ክፍል ረዘመብህ?

ከሁለት ሳምንት በኋላ አንድ ከሰዓት በዚያው ክፍል ተቀመጡ። ችግር የገጠመው ላፕቶፑን ይዞ ይምጣ። አብዛኛው "ወርድ ላይ ዞቴሮ ጠፋብኝ" ይላል። ወርድን ዝጉ፣ ዞቴሮ ሴቲንግ ውስጥ ግቡ፣ የወርድ ፕለጊኑን (ወርድን ከዞቴሮ ጋር የሚያገናኘውን ተጨማሪ) እንደገና ጫኑ፣ ወርድን ክፈቱ። ይመለሳል።