የቢስመዝ ፌራይት ፊልም ችግርና መፍትሄ፦ መጀመሪያ የሚሾልከውን ከረንት ያዙት

ማግኔትን በቮልቴጅ ለመቆጣጠር በቢስመዝ ፌራይት (ከቢስመዝ፣ ከብረትና ከኦክሲጅን የተሠራ፣ የኤሌክትሪክም የማግኔትም ጠባይ ያለው ክሪስታል) ስስ ፊልም ላይ ለምትሠሩ ነው። ሽቦና ኤክስሬይ መፈተሹን ታውቁታላችሁ፣ እዘለዋለሁ።

ምልክት፦ የፖላራይዜሽኑ ሉፕ (ቮልቴጁን ወዲህና ወዲያ ስትገለብጡ የፊልሙ የኤሌክትሪክ ዋልታ እንዴት እንደሚገለበጥ የሚያሳየው ግራፍ) ሙዝ መስሏል። ጫፉ ሹል መሆን ሲገባው አብጦ ከቧል።

ምክንያቱ የሚሾልክ ከረንት ነው። ሰው የሚደውልልኝ ሁሌም ማለት ይቻላል ለዚሁ ነው። ቢስመዝ ሙቀት ላይ ቶሎ ይተናል። እሱ ሲጎድል ኦክሲጅኑም አብሮ ይጎድላል፣ ከብረቱ የከፊሉ ቻርጅ ከ3+ ወደ 2+ ይወርዳል፣ ከዚያ ኤሌክትሮን ከአንዱ ብረት ወደ ሌላው እየዘለለ እንደልቡ ያልፋል። 100 ናኖሜትር ፊልም ላይ 5 ቮልት ስትሰጡ እኮ በሴንቲሜትር 500 ሺህ ቮልት ማለት ነው! ትንሽ ጉድለት ይበቃዋል።

መፍትሄው፦ ታርጌቱ (ፊልሙ እንዲሠራ ሌዘሩ የሚመታው ጥሬ ዕቃ) ላይ 10 በመቶ ገደማ ትርፍ ቢስመዝ ይኑር። ፊልሙ አድጎ ሲያልቅ ደግሞ በፍጹም፣ በፍጹም በቫክዩም አታቀዝቅዙት። ቻምበሩን ወደ ከባቢ አየር ግፊት እስኪጠጋ በኦክሲጅን ሞልታችሁ ሙቀቱን ቀስ እያላችሁ አውርዱ። አንድ ላብ ውስጥ ልጆቹ ምሳ ለመሄድ ሲጣደፉ ፓምፑ እየሠራ ማሞቂያውን ያጠፉ ነበር፣ ከዚያ ጥፋቱን ሁሉ በሰብስትሬቱ (ፊልሙ በሚያድግበት መሠረት) ያላክካሉ። ሌላ ቦታ ደግሞ ገንዘብ ለመቆጠብ የተገዛ፣ በደንብ ተጠቅጥቆ ያልጠነከረ ታርጌት አጋጠመኝ፤ ሌዘሩ ሲመታው ፍንጣሪ ይተፋል፣ ፍንጣሪው ያረፈበት ሁሉ ሾርት ነው። ይሄን በምንም ዓይነት ሙቀት አታስተካክሉትም፣ ታርጌቱን ጣሉት። ፊልሙ ላይ ቮልቴጅ የምትሰጡበትን ኤሌክትሮድም አሳንሱት፤ በሰፋ ቁጥር ፍንጣሪ ላይ የማረፍ ዕድሉ ይጨምራል።

ከሙዙ ላይ ቁጥር አንብባችሁ "ፖላራይዜሽን አገኘሁ" እንዳትሉ። በአንድ አቅጣጫ ሁለት ተከታታይ ፐልስ ስጡ። የመጀመሪያው ውስጥ መገልበጡም የሾለከውም አለ፣ ሁለተኛው ውስጥ ግን የሚገለበጥ ነገር የለም። ሁለተኛውን ከመጀመሪያው ቀንሱ።

ምልክት፦ ቮልቴጅ ሲሰጠው ፊልሙ ላይ የተቀመጠው ማግኔት ይቀየራል፣ ግን በፖዘቲቭም በኔጌቲቭም ለውጡ ያው ነው።

ብዙ ጊዜ አሁንም የሾለከው ከረንት ነው፣ ፊልሙን አሙቆት ነው። ሙቀት ደግሞ ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ አይለይም። ክሪስታሉ ሲለጠጥም ሊያሳስታችሁ ይችላል፤ መለጠጥ ብቻውን ማግኔቱ የሚተኛበትን መስመር ይቀይራል እንጂ ሰሜኑ በየት በኩል እንደሚሆን አይመርጥም። እ.ኤ.አ. በ2014 ኔቸር መጽሔት ላይ የወጣው ሥራ ጉድ የተባለውም ለዚህ ነው፦ ፊልሙ ላይ የተቀመጠውን የኮባልትና የብረት ቅይጥ ማግኔት በክፍል ሙቀት፣ በቮልቴጅ ብቻ 180 ዲግሪ ገለበጠው። እናንተም ቮልቴጁን ገልብጣችሁ ሳታዩ ለማንም አታውሩ።

ምልክት፦ የፊልሙ የራሱ ማግኔትነት ከሚገባው በላይ ጠንካራ ነው።

ቢስመዝ ፌራይት አንቲፌሮማግኔት ነው (ውስጡ ያሉት ትንንሽ ማግኔቶች በተቃራኒ አቅጣጫ ቆመው እርስ በርስ ይጠፋፋሉ)፣ ሲግናሉ ደካማ ነው መሆን ያለበት። ስታሳድጉት ሙቀቱ በዝቶ ወይም ኦክሲጅኑ አንሶ የብረት ኦክሳይድ ተፈጥሮ ይሆናል። ካልሆነ ሰብስትሬቱን በብረት ወረንጦ ይዛችሁታል። የፕላስቲክ ግዙ፣ ስንቴ ይነገር!

ምልክት፦ ደጋግመው ሲገለብጡት ይደክማል። አልፎ አልፎ ነው የሚያጋጥመው። የላይኛውን የፕላቲነም ኤሌክትሮድ ትታችሁ በስትሮንሺየም ሩተኔት ሞክሩት።