በማስክ የሚሰጥ የትንፋሽ እገዛ፦ ሲኦፒዲ ለባሰበት ሕመምተኛ የመጀመሪያዎቹ ሰዓታት አያያዝ

ሥር የሰደደ የሳንባ አየር መተላለፊያ ጥበት፣ በተለምዶ ሲኦፒዲ የሚባለው ሕመም፣ ድንገት ሲባባስ የመተንፈሻ ጡንቻዎች ይዝላሉ፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድ በደም ውስጥ ይጠራቀማል፤ ደሙም አሲዳማ ይሆናል። ቱቦ ወደ መተንፈሻ ቧንቧ ሳይገባ በማስክ የሚሰጠው እገዛ ሕይወት በማትረፍ ረገድ ጠንካራ ማስረጃ ያለው በዚህ ሁኔታ ላይ ነው።

በመጀመሪያ የአየር ቧንቧን የሚከፍተው መድኃኒት፣ ስቴሮይድና በልክ የተመጠነ ኦክስጅን ይሰጡ። ከዚህ በኋላም የደም ወሳጅ ጋዝ ምርመራው ፒኤች (የአሲዳማነት መለኪያ፤ ሲወርድ ደሙ ይበልጥ አሲዳማ መሆኑን ያሳያል) ከ7.35 በታች፣ የካርቦን ዳይኦክሳይድ ግፊትም ከ45 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ በላይ መሆኑን ካሳየ ማስኩን ለመጀመር መዘግየት አይገባም። ልቡ ወይም ትንፋሹ ለቆመ፣ ያለማቋረጥ ለሚያስመልሰው፣ ፊቱ ክፉኛ ለተጎዳ ወይም ለተቃጠለ፣ እንዲሁም ከሳንባው ውጭ ደረቱ ውስጥ የተጠራቀመው አየር ገና ላልወጣለት ሕመምተኛ ግን አይደረግም።

ከመጀመሩ በፊት አንድ ጥያቄ መልስ አግኝቶ በካርዱ ላይ መጻፍ አለበት፦ እገዛው ካልሠራ ቱቦ ይገባለታል ወይስ አይገባለትም? ይህን ውሳኔ ሕመምተኛው ሊሞት ሲያጣጥር ለመወሰን መሞከር ለእሱም ለቤተሰቡም ከባድ በደል ነው ብዬ አምናለሁ።

ሕመምተኛው ከወገቡ በላይ ቀና ብሎ ይቀመጥ። የማስኩ መጠን በፊቱ ልክ ይመረጥ፤ ከዚያም ማሰሪያው ከመጥበቁ በፊት ነርሷ ለጥቂት ደቂቃ ማስኩን በእጇ ይዛ ታለማምደው። «አባባ፣ ይህ አየር ትንፋሽዎን ያግዝዎታል፤ ከከበድዎት እጅዎን ያንሱ፣ ወዲያው አወልቅልዎታለሁ» ብሎ መናገር ከብዙ የማሽን ማስተካከያ ይበልጣል፤ የፈራ ሰው ማስኩን ነቅሎ ይጥለዋልና። ማሰሪያውን ከልክ በላይ ማጥበቅ የአፍንጫን ድልድይ ያቆስላል፤ መጠነኛ የአየር መፍሰስ ችግር የለውም። አየር ማስወጫው ቀዳዳ ግን ፈጽሞ መደፈን የለበትም፤ ከተደፈነ ሕመምተኛው ያስወጣውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ መልሶ ይተነፍሳል።

ባይፓፕ በሚባለው፣ በማስኩ በኩል አየር ሲገባና ሲወጣ ሁለት የተለያየ ግፊት በሚሰጠው ማሽን፣ አየር ሲገባ የሚኖረው ግፊት ከ10 እስከ 12፣ ሲወጣ የሚኖረው ደግሞ ከ4 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ውኃ ሆኖ መጀመር ይቻላል። ካርቦን ዳይኦክሳይድን የሚያስወጣው በሁለቱ ግፊቶች መካከል ያለው ልዩነት በመሆኑ፣ ሁለቱን እኩል መጨመር ለዚህ አይጠቅምም፤ ስለዚህ የመግቢያው ግፊት ብቻ፣ ሕመምተኛው በቻለው መጠን፣ በየጥቂት ደቂቃው እስከ 20 አካባቢ ከፍ ይበል። በደሙ ውስጥ ያለው የኦክስጅን ሙሌት ከ88 እስከ 92 በመቶ እንዲሆን ይደረግ፤ 100 እንዲሆን መጣር ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ሊያባብሰው ይችላል።

በመጀመሪያው ሰዓት ባለሙያ ከአልጋው አጠገብ አይራቅ። እገዛው ከተጀመረ ከ1 እስከ 2 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ የጋዝ ምርመራው ይደገም፤ ምርመራው በማይገኝበት ሆስፒታል የትንፋሽ ፍጥነት፣ የአንገት ጡንቻዎች ድካምና የንቃት ደረጃ በየጊዜው ተመዝግበው ይነጻጸሩ። ፍጥነቱ ቀንሶ ሕመምተኛው ከነቃ መልካም ነው፤ ፍጥነቱ ቀንሶ እንቅልፉ ከበዛ ግን መድከሙን ያሳያልና በሰላም ተኛ ተብሎ አይታለፍ። ግፊቱና ማስኩ ተስተካክለውም ፒኤቹ እየወረደ ከሄደ፣ አስቀድሞ በተጻፈው ውሳኔ መሠረት ሳይውል ሳያድር ቱቦ ይግባ።