ለባሕር ዳር ከተማ ዳርቻ ሰፈሮች፦ የጋራ ግቢ ውኃና ቆሻሻ እንዴት ይያዝ?

ሐይቅ አጠገብ መኖር ቧንቧ ውስጥ ውኃ አያመጣም። ሰባታሚት ወይም ዘንዘልማ በኩል ቤት የተከራየ ሰው ይህን ያውቀዋል፤ ጣና እዚያው ተንጣልሎ ጄሪካን ተደርድሮ ፈረቃ ይጠበቃል። ስለዚህ የመጣውን ውኃ እንዴት እንደምንይዝና ከግቢ የሚወጣውን ቆሻሻ እንዴት እንደምንለይ አብረን እንይ። ሁለቱን ያጣመርኩት ያለ ነገር አይደለም፣ ቦይ ውስጥ የጣልነው ፌስታል ክረምት ላይ ጎርፍ ጠርጎት ጣና ወይም አባይ ይገባል።

መጀመሪያ ቆጣሪውን እዩት። ውኃ ባለበት ሌሊት ቧንቧውን ሁሉ ዝጉና ቁጥሩን በስልክ ፎቶ አንሱ። ጠዋት ማንም ሳይከፍት ደግማችሁ እዩ። ጥቁሮቹ ቁጥሮች ሜትር ኪዩብ ናቸው፣ አንዱ 1,000 ሊትር ማለት ነው፤ ቀዮቹ ከዚያ በታች ያለውን ይቆጥራሉ። ቀዩ ከተንቀሳቀሰ የሆነ ቦታ ያፈሳል። ሮቶ ካላችሁ ግን አስቀድሞ መሙላቱን አረጋግጡ፣ አለዚያ ሮቶው እየሞላ እናንተ ቧንቧ ሠራተኛ ትጠራላችሁ። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የሽንት ቤቱ ሲፎን ነው። ታንከሩ ውስጥ የቀዘቀዘ ቡና ጨምሩና ሳትለቁት ግማሽ ሰዓት ጠብቁ፤ ሳህኑ ውስጥ ያለው ውኃ ከጠቆረ ጎማው አልቋል። በሴኮንድ አንዴ ጠብ የሚል ቧንቧም አይናቅም፣ በቀን አንድ ባለ 20 ሊትር ጄሪካን ገደማ ይወስዳል።

ጭቅጭቁ ያለው ቢሉ ላይ ነው። ታሪፉ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር በደረጃ ስለሚወደድ፣ አራት ቤት በአንድ ቆጣሪ ሲጠቀም ዋጋው ቶሎ ወደ ውዱ ደረጃ ይወጣል። በቤት እኩል ማካፈል ብቻውን የሚኖረውን ላጤ ይጎዳል። በሰው ቁጥር አካፍሉ። ጠላ ከሚጠምቁት እትዬ ጋር ደግሞ ለብቻ ተነጋገሩ፣ በትህትና ታዲያ። ቢሉን ሁሉም የሚያየው ግድግዳ ላይ ለጥፉት፤ በቃል የሚነገር ሂሳብ ያጣላል።

አሁን ወደ ዝናቡ። ባሕር ዳር በዓመት 1,400 ሚሊ ሜትር ገደማ ይዘንባል፣ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም። ስሌቱ ቀላል ነው፦ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ 1 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ላይ 1 ሊትር ይሰጣል። ቤታችሁ 50 ካሬ ከሆነ 20 ሚሊ ሜትር የጣለ አንድ ዶፍ 1,000 ሊትር ነው፣ የሚፈናጠረው ተቀንሶ 800 ይቀራችኋል። ይህ ሁሉ ደጅ ላይ ጭቃ እያደረገ ሲሄድ እያየን ባጃጅ ተኮናትረን ውኃ ማስመጣታችን ይገርመኛል! አሸንዳ አሠሩ፣ በርሚል ደቅኑ። አቧራውንና የወፍ ኩሱን ይዞ የሚወርደውን የመጀመሪያውን ከ20 እስከ 30 ሊትር ድፉት። በርሚሉን በወንፊት ወይም በአሮጌ አጎበር ሸፍኑት፣ የቆመ ውኃ ትንኝ ይፈለፍላል፣ የእኛ አገር ወባ ደግሞ የታወቀ ነው። ለልብስና ለጽዳት እንዳለ ይሆናል። ለመጠጥ ግን አፍሉት ወይም ውኃ አጋር ጨምሩበት።

የልብስ እጣቢ ሽንት ቤት ይለቀቅበት። በረኪና ከሌለበት የማንጎ ወይም የሙዝ ሥር ላይ መድፋት ይቻላል፣ ሰላጣና ቆስጣ ላይ ግን አይሆንም። ሴፕቲክ ታንክን በድብቅ ወደ ቦይ የሚከፍቱ ደግሞ አሉ፣ ሌሊት ዝናብ ሲጥል ጠብቀው። እምቦጭ ጣና ላይ ከታየ ከ10 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ከእርሻ የሚታጠብ ማዳበሪያና ከከተማ የሚወርድ ፍሳሽ ይመግበዋል። ሴፕቲክ ታንኩ ሲሞላ መጣጭ መኪና ይጠራ።

ቆሻሻ ላይ ሕጉ አንድ ነው፤ እርጥቡን ከደረቁ አትቀላቅሉ። ሽሮ የነካው ካርቶን ገዢ የለውም። አንድ ጆንያ ለሃይላንድ፣ ለቆርቆሮና ለካርቶን አዘጋጁና ቆራሌው ሲመጣ ስጡት። ሃይላንዱን ክዳኑን ከፍታችሁ ጨፍልቁት፣ ቦታ ይቆጥባል። ፌስታልና ዳይፐር ለቆሻሻ ሰብሳቢዎቹ ይሰጥ። ፌስታል ማቃጠል የጎረቤት ልጅን በሳል ማሰቃየት ነው። ያለቀ ባትሪ ድንጋይ ከእርጥቡ ጋር ፈጽሞ አይግባ።

እርጥቡ ብስባሽ ይሆናል፦ የአትክልት ልጣጭ፣ የቡና አተላ፣ ቅጠል። የጫት ገረባም ይሆናል፣ እንጨቱ ስለሚዘገይ ግን ቆራርጡት። የዓሣ አንጀት ግን ውሻና ዝንብ ይጠራል፣ ለብቻው ጠለቅ አድርጋችሁ ቅበሩት። በጋ ላይ ጉድጓድ ይበቃል፣ በክረምት ግን ጉድጓዱ ውኃ ሞልቶ ስለሚሸት ከመሬት በላይ ከምሩና ሸፍኑት። በየሁለት ሳምንቱ አገላብጡ። በባሕር ዳር ሙቀት በ3 ወር ገደማ ይደርሳል።

የቀረው ቦዩ ነው። ግንቦት ሳያልቅ የሰፈሩ ሰው ተጠራርቶ ይጥረገው። የወጣውን ደለል ቦዩ አፍ ላይ ከምራችሁ እንዳትሄዱ፣ የመጀመሪያው ዝናብ መልሶ ይከተዋል፤ ጋሪ አስቀድማችሁ ያዙና በዚያው ቀን ይነሳ።